ሲፈን እስክትመልስ የሚጠብቀው መምህር

ዛሬ ጠዋት ደውለው «መምህር ገመቹ አረፈ» ሲሉኝ «የትኛው ገመቹ?» አልኩ። አምቦ ውስጥ ገመቹ ብዙ ነው። ገብቶኝ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዲሆን ፈልጌ ነው። ትናንት እኮ ከባጃጅ ውስጥ እጁን አውጥቶ ሰላም ብሎናል።

ለማታውቁት፦ ልጄ ሲፈን በአፏ አትናገርም። ሥዕል በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ በጣቷ እየጠቆመች ነው የምታወራው። ገመቹ እሷንና እንደሷ ያሉትን ልጆች ያስተምር ነበር። «ለነዚህ ፊደልና ቁጥር ይበቃል» ሲሉት «የጥቁር ሕዝብ ታሪክ የነሱም ነው» ብሎ በባርነት ስለተሸጡት፣ ማንበብ ስለተከለከሉት ሰዎች ነገራቸው። እኔም በሩ አጠገብ ተቀምጬ ሰማሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ማንበብ የለመድኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ይህን ግን የትም አላገኘሁትም ነበር።

አንድ ቀን ወንበሮቹን እንደ ሚኒባስ ደረደረ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች አውቶቡስ ላይ ለነጮች ወንበር እንዲለቁ ይገደዱ እንደነበር፣ አንዲት ጥቁር ሴት ግን አልነሣም ብላ እንደታሰረች ነገራቸው። ሲፈን ሴትዮዋን ሆነች፣ እሱ ሾፌሩን።

«ጉደር! ጉደር! አንድ ሰው!» ብሎ እንደ መኪና ረዳት ተጣርቶ አሳቃቸውና ፊቱን አኮሳተረ። «ካኢ! ተነሺ ብያለሁ!»

ሲፈን ብድግ አለች። ወንበሩን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ ጎንበስ ብላ ይቀመጡ አለችው በእጇ። ለትልቅ ሰው መነሣት ከቤት የለመደችው ነው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «እናትዬ፣ ጨዋነትሽ ታሪኩን አበላሸብኝ!» አለ። ከዚያ ሰሌዳዋን አየና ሳቁን አቆመ። «ውሃ አለ። እሺ አለ። አመሰግናለሁ አለ። እምቢ የት አለ?»

አልነበረም። ማናችንም አስበነው አናውቅም። እዚያው ክንዷን ያጣመረች ሴት ሥሎ ለጠፈላት። «እንደገና! ተነሺ!»

ሲፈን ፊቱን አየች፣ ከዚያ አዲሱን ሥዕል። አንዷ እናት «በይው እንጂ፣ አንቺ!» ስትል «ቆዩ፣ እየመለሰች ነው» አላት። ይህን ንግግሩን ክሊኒክም ገበያም ሰምቼዋለሁ፤ ሰው ቸኩሎ በሷ ፈንታ ሲመልስ።

ጣቷ ቀስ ብሎ እምቢ ላይ አረፈ። ሳምንቱን ሙሉ ገንፎም እምቢ፣ መታጠብም እምቢ ሆነብኝ። ስነግረው «እሰይ!» አለኝ።

ሰሌዳው ላይ ሞት የለም። ዛሬ በቃል ነገርኳት። መምህር ላይ ጠቆመች፤ ቀጥላ መቼ ላይ። መቼ ይመጣል ማለቷ ነው።

ብዙ ሰው ጽናቱን ይስጥሽ ብሎኛል። እሷን ግን እንዲህ ያላት የለም።

ገመቹ፣ ቤታችን ስትገባ ከእኔ በፊት ሰላም የምትለው እሷን ነበር። ነገ ቀብርህ ላይ ይዣት እመጣለሁ፤ ከዘመዶችህ ጋር ከፊት ትቆማለች። ስንመለስ እሷን የሚያናግራት ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ነጋቲ፣ ወንድሜ። ደህና ሁን።