አጎቴ የሚዳብሱት የቸርኬ ጠርዝ

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ «ቀላል ነው» ላለ ጎሚስታ መኪና ሰጥተው አያውቁም። ከበርበራ ወደብ የሚያመጧቸው የስፖርት መኪኖች ጎማ ቢተነፍስም የሚሄድ፣ ጎኑ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው፤ ያላወቀበት ሰው ሲፈለቅቀው ቸርኬውን ይበላዋል። ሐርጌሳን ጎሚስታ በጎሚስታ ዞረው፣ «መጀመሪያ ልየው» ያለ አንድ የድሬዳዋ ሰው ጅግጅጋ ያር በሚባለው የከተማዋ ሰፈር አገኙ። እሱንም ቢሆን አላመኑትም። ጎማውን እያዞረ ሚዛኑን የሚለካው ማሽን አጠገብ ይገተራሉ፤ ሻይ ቢያቀርብላቸው አይቀበሉም፤ ሲጨርስ የቸርኬውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ይዳብሱና፣ «እስቲ እንደገና አዙረው» ይሉታል። አጠገባቸው ቆሜ አፍር ነበር።

ከቀብራቸው በኋላ የመጀመሪያዋን መኪና ብቻዬን ወሰድኩለት። ጎሚስታው ሥራውን ሲጨርስ ጎማውን አነሳና ወደ እኔ ሳይሆን እሳቸው ይቆሙበት ወደነበረው ባዶ ቦታ አቀረበው። ወዲያው ክው አለ።

«ይቅርታ፣ ለምዶብኝ ነው» አለኝ።

ሄጄ እዚያው ቦታ ቆምኩ። ጠርዙን በአውራ ጣቴ ዙሪያውን ዳበስኩት። አንድም ጭረት የለበትም።

«እስቲ» አልኩት፣ «እንደገና አዙረው።»