የሰው ሜዳሊያ

ግዛቸው ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ሐዋሳ የገባው በ1994 ዓ.ም. ነው። መናኸሪያ ሲወርድ የያዘው አንድ ሻንጣና በወረቀት የተጻፈ አንድ አድራሻ ነበር። አድራሻው የታምሩ አባት ቤት ነው። ታምሩ የሐዋሳ ልጅ፣ በሰሜን ግንባር ከግዛቸው ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ የነበረ መትረየስ ተኳሽ ነው። ግዛቸው ለአባትየው የሚናገረው ነገር ነበረው። ቤቱን ጠይቆ አገኘ፤ በሩ ድረስም ሄደ። ከውስጥ የሽማግሌ ሳል ሰማና ተመለሰ። «ነገ እመጣለሁ» አለ በልቡ። ያ ነገ ሃያ ሦስት ዓመት ፈጀ።

ኑሮ አልከፋበትም። በከተማው ዩኒቨርሲቲ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረና የቤተ መጻሕፍቱ በር ተሰጠው። ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች መታወቂያቸውን እያሳዩ ሲገቡ «ጋሽ ግዛቸው፣ እንዴት አደሩ?» ይሉታል። የጀግና ሜዳሊያ እንዳለው የማያውቅ የለም። በዓል ሲሆን ይጠሩታል፤ ግራጫ ኮቱ ላይ አድርጎት ይሄዳል፤ የፊት ወንበር ይለቁለታል። አግብቶም ነበር። ሚስቱ አራት ዓመት ታግሳ «አጠገቤ ተቀምጠህም የለህም» ብላው ሄደች። እውነቷን ነው ብሎ አልተከተላትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ካለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርዶ አሳ ይበላል። የምትጠብስለት ሴት ብርቅዬ ትባላለች፤ የታምሩ ታናሽ እህት ናት። ግዛቸው ማን እንደሆነች ያውቃል። እሷ ግን የወንድሟ ጓድ መሆኑን አታውቅም፤ የምታውቀው የተከበረ ደንበኛ መሆኑን ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ከበዓል በቀጥታ ሲመጣ ሜዳሊያውን ኮቱ ላይ አየችበት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች አጠገቡ ቆመች።

«የእኔም ወንድም ወታደር ነበር» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንደ እርስዎ አልሆነልንም እንጂ። ጓደኛውን ጥሎ ሲሸሽ ነው የተመታው አሉ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ሰው መሃል ቀና ሳይል ሞተ።»

ግዛቸው ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። «የጦር ሜዳ ነገር አይታወቅም» አለ፣ ያን ብቻ። ሊያጽናናት መስሏት አመሰገነችውና ሌላ አሳ ጨመረችለት። በላው። ኋላ ላይ ከሁሉ የሚያሳፍረው ያ ሆነ፤ መብላቱ።

የሆነው እንዲህ ነበር። በ1991 የካቲት፣ ጎህ ሲቀድ ጥቃት ተከፈተባቸው። ታምሩ መትረየሱን ይዟል፤ ጥይት አቅራቢው ግዛቸው ነው። ጥይት ሊያመጣ ወደ ኋላ ሄዶ ሳጥኑን ተሸክሞ ሲመለስ፣ ከምሽጉ ሰማንያ እርምጃ ያህል ሲቀረው ሞርታር አጠገቡ ወደቀ። ቦረቦር ውስጥ ገብቶ ተኛ፤ ሳጥኑን አቅፎ። አልቆሰለም። እግሩ ነው እምቢ ያለው። ከላይ የታምሩ መትረየስ ሲያጓራ ሰማ፤ ቀጥሎ እየቆጠበ ሲተኩስ ሰማ፤ ከዚያ ዝም አለ። ታምሩ ጥይት ፍለጋ በደረቱ እየተሳበ ወረደ። መንገድ ላይ ሆዱን ተመትቷል።

«ይዘሃል?» አለው።

ግዛቸው ሳጥኑን አሳየው። ታምሩ ሳጥኑን አየ፣ እሱን አየ፣ ሌላ ቃል ሳይናገር እዚያው አረፈ።

ግዛቸው ያን ጊዜ ተነሳ። ሮጦ ምሽጉ ገባና ዝናሩን አጉርሶ ተኮሰ፤ ከፊት የነበረው ጦር ግን ማፈግፈግ ጀምሮ ነበር። ረዳት ኃይል ሲደርስ መቶ አለቃው ያገኘው በቀልሃ ክምር መሃል መትረየስ የጨበጠ ሰው ነው፤ ከኋላ ደግሞ ቦረቦር ውስጥ የወደቀ ሰው። «ያኛው ጥሎህ ሄደ?» ሲል ጠየቀው። ግዛቸው ዝም አለ። ዝምታውን እንደ አዎ ወሰዱት። በዚያው ሳምንት አንዱ ለሽልማት ተጻፈለት፤ የሌላው ወሬ ሐዋሳ ደረሰ።

ባለፈው ዓመት ኖራ የምትባል የአየርላንድ ሴት ነርሶችን ልታስተምር ዩኒቨርሲቲው መጣች። በሚያዝያ ወር የታሪክ መምህሩ ኢዮስያስ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ግዛቸውን አገኘው።

«ጋሽ ግዛቸው፣ ኖራ የአያቷን አያት ታሪክ ዓርብ በአዳራሽ ልታቀርብ ነው። በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ሆኖ መቅደላ ድረስ የመጣ፣ የተሸለመ ወታደር ነበር። ከእኛም ወገን የተሸለመ ሰው መድረክ ላይ ይቀመጥ ብለናል።»

«እኔስ ይቅርብኝ።»

«ትሕትናዎን እናውቃለን» አለ ኢዮስያስ እየሳቀ። «ሜዳሊያውን እንዳይረሱ።»

ዓርብ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ኖራ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ ኢዮስያስ ወደ አማርኛ ይመልሳል። ወታደሩ ዴኒስ ሮርክ ይባል ነበር። በአየርላንድ ድንች በሰበሰና ሕዝብ በረሃብ ባለቀበት ዘመን ወላጆቹን ያጣ ልጅ ነው። ሲያድግ ያገሩን መሬት የያዘው የእንግሊዝ መንግሥት ጦር ውስጥ ለእንጀራ ሲል ገባ። በ1860 ዓ.ም. ከጦሩ ጋር መቅደላ ወጣ። የቆሰለ ጓዱን ከግንቡ በር ሥር ተሸክሞ አወጣ ተብሎ ተሸለመ። ሲሞት የመንደሩ ሰው ስሙን ድንጋይ ላይ አስቀርጾ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አኖረው። ኖራ ራሷ በልጅነቷ በየዓመቱ አበባ ታኖርበት ነበር።

ከዚያ አንድ ወረቀት አወጣች። ሮርክ ለእህቱ ጽፎ ያልላከው ደብዳቤ ነው፤ አክስቷ ስትሞት ከአሮጌ ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ኢዮስያስ ቀስ እያለ ተረጎመው።

«ሰውየውን ተሸክሜዋለሁ፤ ውሸት አይደለም። ጀርባዬ ላይ ያደረግኩት ግን ጥይቱ እኔን እንዳያገኘኝ ነው። ስንነሳ በሕይወት ነበር፤ ሳወርደው ሞቷል። ሰዎቹ ሲያጨበጭቡልኝ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ዛሬ ያልፋል። ባለፈ ቁጥር ይከብዳል።»

ኖራ ወረቀቱን እያጠፈች «ድንጋዩን ምን እንደማደርገው አላውቅም» አለች። «እኔ ባላጠፋሁት አፍራለሁ። እዚህ አገር ቆሜ ሳወራው ደግሞ ይብስብኛል።»

ኢዮስያስ ወደ ግዛቸው ዞረ። «የእኛ ጀግና አንድ ቃል ይበሉን።»

ግዛቸው ተነሳ። የታምሩ ስም ጉሮሮው ድረስ መጣ። «እንግዳችንን አመሰግናለሁ» አለና ተቀመጠ። ተጨበጨበለት። ኮቱን አውልቆ ከወንበሩ ሥር መጣል አማረው። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዛሬም ቦረቦር ውስጥ ተኛ።

ሰው ሲበተን ኖራን ከበሩ አጠገብ ጠበቃት። ኢዮስያስ እየተረጎመለት ጠየቃት፦ «ሮርክ ጀርባ ላይ የሞተው ወታደር ቤተሰብ አልነበረውም?»

«ፈልጌ ነበር» አለች። «ሮርክ ስሙን እንኳ አልጻፈውም።»

«ብታገኛቸውስ ኖሮ?»

«እሄድ ነበር። ምን እንደምል ግን አላውቅም።»

ግዛቸው ምን እንደሚባልም፣ ለማን እንደሚባልም ያውቅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ያለ ኮት አሞራ ገደል ወረደ። ጀልባዎቹ ገና መግባታቸው ነው፤ ብርቅዬ ጎንበስ ብላ ቅርፊት ትፍቃለች። «ዛሬ በጠዋት መጡ» አለችው።

«ብርቅዬ፣ ታምሩ አልሸሸም።»

ቢላዋዋ ቆመ። «የቱን ታምሩ?»

«ወንድምሽን። የሸሸሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገራት፤ ሳጥኑን፣ ቦረቦሩን፣ መቶ አለቃውን። ቆሞ ነበር የነገራት፤ እሷም ተቀመጥ አላለችውም። ሲጨርስ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እኔ ያን ቀን ስለ እሱ ሳወራ ታውቅ ነበር?» አለችው። አንቱታው ቀርቶ ነበር።

«አውቅ ነበር።»

«አባቴ ሲሞትስ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ከተማ። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር።»

ብርቅዬ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። «ይቅር በይኝና እዚህ ጨርሰን እንለያይ እንዳትለኝ» አለች። «ለኔ ብቻ የነገርከኝ ምን ያደርግልኛል? ነገ እሑድ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ና። አባቴን ያንገላቱት ሰዎች ብዙዎቹ አሉ። ለእነሱ ንገር።»

ግዛቸው ሄደ። ከመዝሙር በኋላ መጋቢው «ምስክርነት ያለው» ሲል ተነስቶ ወደ ፊት ወጣ። ሁለት ጊዜ አቋርጦ ጀመረ፤ ግን ተናገረ። የታምሩን ስም ከነአባቱ ጠራ። ሲያበቃ ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አሜን አላለም። ከሦስተኛው ረድፍ አቶ አየለ የሚባሉ አዛውንት በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ።

«ለዚያ ምስኪን አባት 'ልጅህ አዋረደን' ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። መልሰው ተቀመጡ። ብርቅዬ ከፊት ተቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ይዛለች። ወደ ማናቸውም አላየችም።

ኋላ ግዛቸው ሜዳሊያውን ሊሰጣት ሞከረ። አልነካችውም። «የታምሩ ከሆነ በራሱ ስም ይምጣ» አለች። ኢዮስያስ ሽልማቱ ወደ ታምሩ ስም እንዲዛወር ማመልከቻ ጻፈለትና ከሜዳሊያው ጋር ወደ አዲስ አበባ ላኩት። እስካሁን መልስ የለም። በቤተ መጻሕፍቱ በር ተማሪዎች አሁንም ጋሽ ይሉታል፤ ወሬውን የሰሙት ግን መታወቂያቸውን አሳይተው ዝም ብለው ያልፋሉ። አይፈርድባቸውም። አሞራ ገደል መውረድ ትቷል።

በክረምቱ መግቢያ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብርቅዬ ራሷ በሩ ድረስ መጣች። ሰላም አላለችውም።

«ሲሞት ጠምቶት ነበር?» ብላ ጠየቀችው። «እናቴ እስክትሞት ይህን ነበር የምታስበው።»

«ውሃ አልጠየቀኝም» አላት። «የጠየቀኝ ጥይት ነው።»

ብርቅዬ ራሷን ነቀነቀች። «ታምሩ ነው» አለች። «የያዘውን ሳይጨርስ ውሃም አይጠጣም ነበር።» ከዚያ ዞራ አስፋልቱን ተሻገረችና ባጃጅ ያዘች። ግዛቸውም ለመግባት ወደቆሙት ተማሪዎች ተመለሰ።