ቀኗን በመግሪብ የምትቀይር ሰዓት

መርሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ክርና ቁልፍ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። ሰው ግን በክሬ አያውቀኝም፤ «ያቺ ሰዓት ለቃሚ» ነው የሚለኝ። የወንድ ሰዓት፣ ያውም አሮጌ፣ ያውም የድሮ የሩሲያ። ሰብስቤ በብስኩት ጣሳ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። «ባል ያጣች ሴት የባል ሰዓት ትሰበስባለች» ብለው ሲያሙኝም ሰምቻለሁ። ይሙኝ። አምተው ሲያበቁ ክር ሊገዙ የሚመጡት እኔው ጋ ነው።

እኔ የምፈልገው አንዲት ሰዓት ብቻ ነበር፣ የአባቴን። ጦርነቱ ሲመጣ ቤታችንን ዘግተን ወጣን፤ ስንመለስ ባዶ ሆኖ ጠበቀን። ከቤታችን ጋር በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ የተያያዘው የአባቴ ወፍጮ ቤትም ሞተሩ ሳይቀር ተነቅሎ ሄዷል። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ ይህን አላየም፤ አልሃምዱሊላህ። የእናቴ ዓይን ያኔም ደክሟል። ግድግዳውን እየዳበሰች ሄዳ የአባቴ ሰዓት የምትሰቀልበትን ምስማር አገኘችው። «ሰዓቷስ?» አለችኝ። ስለ ቁምሳጥኑም ስለ ፍራሹም አልጠየቀችኝም።

አባቴ ያቺን ሰዓት የገዛት በወጣትነቱ ነው። በእጅ የምትሞላ ናት፤ ዱቄት እንዳይገባባት ሲሠራ አያስራትም፣ ቤት ምስማር ላይ ይሰቅላታል። ፊቷ ላይ ቀኑን የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለቻት። የሚሞላት በእኛ አቆጣጠር ነበር፤ ጀምበር ስትጠልቅ አሥራ ሁለት ላይ ትሆንና በመስኮቷ ያለው ቁጥር ቀጭ ብሎ ይቀየራል። አንድ ጊዜ ለጽዳት የሰጠው የወልድያ ሰዓት አዳሽ «ተሳስታለች» ብሎ ቀኗን እኩለ ሌሊት ላይ እንድትቀይር አድርጎ መለሰለት። አባቴ በማግስቱ ወልድያ ድረስ ተመልሶ ሄደ። «እኩለ ሌሊት ማን ተነስቶ ያየዋል? ቀን የሚገባው በመግሪብ ነው። የሐሙስ ማታ የጁምዓ ነው፤ ሩሲያ ይህን ካላወቀ እኔ ምን ላድርገው?» ብሎ አስቀየረው። በየወሩ መጨረሻ ደግሞ ሠላሳ አንድ ቁጥርን በእጁ ያሻግራታል። «ይቺ የፈረንጅ ናት፣ እኛ ቤት አታድርም» ይል ነበር።

ወፍጮው ሲጮህ እኛ ቤት አዛን አይሰማም። ስለዚህ እናቴ ወደ ማታ ሰዓቷን ከምስማሩ ታወርድና ጉንጯ ላይ ትለጥፋታለች። ቀጭ ስትል በአጥንቷ ይሰማታል፤ ያኔ ቆርቆሮውን በእጇ ሁለቴ ትመታለች። አባቴ በዚያ በኩል ጀርባውን ለቆርቆሮው ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ወፍጮው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ዝም ይላል። እኛ ልጆች ደጅ ስንጫወት አዛኑን የምንሰማው ያኔ ነው። ሮጠን ስንገባ አባታችን በጓሮ በር ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ሽፋሽፍቱ ላይ ብቻ ዱቄት ቀርቶት፣ ከእናታችን አጠገብ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ዛሬም ወደ ማታ ቤት ስገባ ጆሮዬ ዝም የሚል ወፍጮ ይፈልጋል፤ ዝም እንዲል ደግሞ መጀመሪያ መጮህ ነበረበት።

«የተዘረፈ ዕቃ ዞሮ ዞሮ ገበያ ይወጣል» አሉኝና በየገበያው ቀን ሱቄን እየዘጋሁ ፍለጋ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን ውርጌሳ፣ መንገድ ዳር አገኘኋት። የሩሲያ ፊደል አላት፣ ታብረቀርቃለች፣ ሻጩ በአላህ ይምላል። ልቤ ስለቸኮለ ሳላስከፍት ይዣት መጣሁ። ቤት ስከፍታት ሆዷ ውስጥ ባትሪ ተኝቷል። ያን ቀን ለሻጩም ለራሴም ያወረድኩትን እርግማን እዚህ አልደግመውም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ከዚያ ወዲህ ማንንም አላምንም። ፊቷ አዲስ ሆኖ ቆጣሪዎቿ ከዛጉ እንደገና የተቀባች ናት። ፊደሏ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ዳር ዳሩ ከፈሰሰ ቀለሙ የትናንት ነው። ወርቅ መሳይዋን በአውራ ጣቴ ፈትጌ ጣቴ ቢጫ ከሆነ መልሼ እሰጣለሁ። ሞተሯ ላይ የፋብሪካው ምልክት ካልተመታ፣ ወይም የአንዷ ሆድ ከሌላዋ ፊት ጋር ከተጋባ፣ ፎርጅድ ናት። ወልድያ መናኸሪያ ያሉ አዟሪዎች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «መጣች!» ይባባላሉ። አንዱ «ወላሂ ኦሪጅናል ናት፣ እህቴ» ሲለኝ «ወላሂህን አስቀምጠውና ክዳኗን ክፈተው» እለዋለሁ።

ኦሪጅናል የሆነችውን ሁሉ ለእናቴ አመጣላታለሁ። ማሰሪያም መስተዋትም ይቀየራል፤ የአባቴን ሰዓት ከመሰሎቿ በዓይን መለየት አልችልም። መለያዬ እናቴ ናት። የመግሪብን ሰዓት ከስልኬ አይቼ፣ አንዲት ደቂቃ ሳላዛንፍ ሞልቼ እሰጣታለሁ። እሷ ጉንጯ ላይ ለጥፋ ትጠብቃለች። ወፍጮው ስለሌለ አሁን አዛኑ ጥርት ብሎ ይገባል። ሰዓቷ ከአዛኑ ጋር እኩል ቀጭ ስትል በሥራዬ እኮራለሁ፤ የአባቴ ሰዓት ከመስጊድ ዝንፍ እንደማትል እሱ ራሱ ለሰው ሲምል ሰምቼ ነው ያደግኩት። እናቴ ግን «አይደለችም» ብላ ትመልስልኛለች። ለምን ብዬ አልጠይቃትም። ድምጿ ነው፣ ሞተሯ ነው እያልኩ ሰዓቷን ወደ ጣሳው ከትቼ ሌላ ፍለጋ እወጣለሁ።

ዘንድሮ እናቴ ደከመች። ምግብ ቀነሰች፣ ከአልጋዋም መውረድ ተወች። አንድ ቀን ፀጉሯን ስቀባት «ያቺን ሰዓት ሳልሰማት ልሄድ ነው መሰል» አለችኝ። በማግስቱ ሱቄን ሳልከፍት ወልድያ ሄድኩ። በረንዳ ላይ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሰዓት አዳሽ አሉ፤ ክርስቲያን ናቸው፣ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ። ሳጥናቸውን ፈትሸው አንዲት አወጡልኝ።

«እስቲ ክዳኗን ክፈቱልኝ፣ ጋሼ» አልኩ በልማዴ።

ከፈቱልኝ። ምልክቷ ተመትቷል፣ ፊቷ ከቆጣሪዎቿ ጋር አብሮ ደብዝዟል፣ ፊደሏ አልፈሰሰም። እንከን አጣሁላት።

«የአባትሽ መሆኗን እኔም አልምልልሽም» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ እናትሽ አታይም። የሱ ናት በያትና ትረፍ። እግዜርም አይቀየምሽ።»

ሚኒባሱ መርሳ እስኪደርስ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። የሰው ማጭበርበር በመያዝ ስም ያወጣሁ ሴት የራሴን ማጭበርበር አልቻልኩበትም። ሰዓቷ ኦሪጅናል፣ ፎርጅዱ የኔ አፍ።

«እማ፣ ተገኘች። የሱ ናት» አልኳት እንደገባሁ። እጇን ዘረጋች። አስተካክዬ ሰጠኋት፣ ጉንጯ ላይ ለጠፈቻት። አዛኑ ተነሳ፤ ሰዓቷም እኩል ቀጭ አለች።

«አይደለችም» አለች እናቴ።

ንዴቴ መጣ። «እንዴት ነው የምታውቂው? ምኗ ነው የጎደለው?»

«ምንም አልጎደላት። የሱ ከአዛን ትቀድም ነበር።»

«ከመስጊድ ዝንፍ አትልም ብሎ ይምል አልነበር እንዴ?»

እናቴ ሳቀች፤ ከሳቀች ቆይታለች። «ለሰው ነዋ! ሆን ብሎ እሱው ነው የሚያስቀድማት። ካልቀደመችማ መች ዱቄቱን ታጥቦ መች እኔ ጋ ይቀመጣል? ከአዛን በፊት ያቺ ትንሽ ጊዜ የኛ ነበረች። ከዚያ በኋላ እናንተ ትገባላችሁ፣ ጎረቤቱ ይገባል፣ ሶላት አለ፣ ራት አለ። እናንተ አዛን የምትሰሙት ወፍጮው ዝም ካለ በኋላ ነዋ፤ ሁለቱ አንድ መሰሏችሁ።»

«እና ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ፣ ልጄ? ሰዓት አዋቂ ናት ሲሉሽ ዝም አልኩ።»

ጣሳዬን አውርጄ ከፈትኩት። ምናልባት አንዷ የሱው ናት። ከነስልኬ ቁጭ ብዬ በትክክል ስለሞላኋት እኔው ከእናቴ ጉንጭ ላይ አንስቼ ጣሳ ውስጥ ጥያታለሁ። አሁን የትኛዋ እንደሆነች ማንም አይነግረኝም፤ እኔም መፈለጉን ትቻለሁ።

በማግስቱ ወደ ማታ የወልድያዋን ሰዓት ከአዛኑ አስቀድሜ ሞላኋት። እናቴ «ደግፊኝ» አለችኝና ከአልጋዋ ወርዳ ከቆርቆሮው ግድግዳ አጠገብ ተቀመጠች። ጉንጯ ላይ ለጥፋ ጠበቀች። ቀጭ ስትል እኔም ሰማሁ። እናቴ እጇን አንስታ ቆርቆሮውን ሁለቴ መታችው። በዚያ በኩል ባዶ ወለል ብቻ ስለሆነ ድምፁ አስተጋባ። ሻሿን አስተካከለች፣ አጠገቧ ያለውን ቦታ በመዳፏ ጠረገችና ፊቷን ወደ ጓሮ በር አዞረች። እኔም አብሬያት ዞርኩ። አዛኑ ገና ነበር።