የእትዬ ቁልፍ ሳቅ

የሸሚዝ ፋብሪካው ሠራተኞች «እትዬ ቁልፍ» የሚሏት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ሥራዋ ነው። ተሰፍቶ ያለቀ ሸሚዝ ሁሉ ካርቶን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በእሷ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል፤ እሷም ቁልፎቹን ሳብ ሳብ እያደረገች፣ ኮሌታውን እያገላበጠች፣ የተንጠለጠለ ክር እየቆረጠች ትመረምረዋለች። ሁለተኛውን ምክንያት ደፍሮ የነገራት የለም። ፊቷ ነው። ጠዋት በፋብሪካው በር ስትገባ ቆልፋው ትገባለች፤ ማታ ስትወጣም ሲከፈት ያየ የለም።

ቁልፉ የላላ ሸሚዝ ካገኘች አትጮህም፣ አትቆጣም። በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወደ ሰፊዋ ትሄድና፣ «ይቺ ቁልፍ እንግዳ ናት መሰለኝ፣ ልሂድ ልሂድ እያለች ነው» ብላ ጭኗ ላይ ታስቀምጥላታለች። ይህን ቀልድ ነው ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ሰፊዎቹ ተጣድፈው ቁልፉን እንደገና ይሰፉ ነበር እንጂ።

ቤቷ ስትገባ ግን ሌላ ሴት ናት። ከሥራ ተመልሳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከነከረች በኋላ ቴሌቪዥኑ ፊት ትሰየማለች። ዜና ቢሏት አትሰማም፣ የሚያስለቅስ ድራማ ቢሏት «ለቅሶ ጠፍቶ ነው?» ትላለች። የእሷ ነገር ኮሜዲ ነው። ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ስለ አንድ የተጎሳቆለ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ የሚተርከውን ነው። ሰውዬው በእያንዳንዱ የኮሜዲው ክፍል ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ነገር ይለወጣል!» ይላል። ይህን ባለ ቁጥር አንድ ነገር ይወድቃል፤ አንዴ መጋረጃው፣ አንዴ መደርደሪያው፣ አንዴም ራሱ።

ሳቋ መጀመሪያ ባትሪው እንደደከመ መኪና ነው። እህ... እህ... እህ... ትላለች። ከተነሣላት ወዲያ ግን የሚያቆማት የለም፤ እግሯን የነከረችበት ውሃ ወለሉ ላይ እስኪፈስ ትንፈቀፈቃለች። የባሰው ደግሞ የተደገመ ክፍል ሲመጣ ነው። ሁሉን ስለምታውቀው ሰውዬው አፉን ሳይከፍት ትጀምራለች።

«እማዬ፣ ኧረ ሳይደርስ አትሳቂ!» ትላታለች የቤት ሥራዋን የምትሠራው ልጇ።

ፀጉር አስተካካይ የሆነው ባሏ ደግሞ ቀልዱን የሚሰማው ሁልጊዜ ከመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም እትዬ ቁልፍ ቀልድ መውደድ እንጂ ማውራት አልተሰጣትም። «ጣውላው ጭንቅላቱ ላይ ሲወድቅ ብታየው!» ብላ ትጀምራለች። የማን ጭንቅላት፣ የምን ጣውላ ሲላት በሳቅ ትፈርሳለች። ወሬው እዚያው ይቀራል።

ታዲያ አንድ ጠዋት ፋብሪካው ውስጥ ጉድ ፈላ። በቅርቡ የተሾመው ወጣት የክፍል ኃላፊ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበ። ንግግሩን ቤቱ ሲለማመድ እንዳደረ ያስታውቃል፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጣቱን ቀሰረ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ «ሁሉም ነገር ይለወጣል!»

እትዬ ቁልፍ ከንፈሯን ነከሰች። ክፉ ነገር ለማሰብ ሞከረች፤ ጥርሷን የነቀሉላትን ቀን አሰበች። እንደምንም ትችለው ነበር። ግን ከኃላፊው ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አንድ ትልቅ የጨርቅ ጥቅል ቀስ ብሎ ማዘንበል ጀመረ። ሌላው ሰው ኃላፊውን ሲያይ እሷ ጥቅሉን ታያለች። ዷ! ብሎ ወደቀና አቧራውን አነሣው። ኃላፊው ዘለለ።

«እህ...» አለች እትዬ ቁልፍ።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለቻት አጠገቧ የቆመችው ልብስ ተኳሽ።

«እህ... እህ...»

«ኧረ ሴትዮዋን አመማት! ውሃ አምጡ!»

ውሃው ሳይደርስ የሳቋ መኪና ተነሣ። ሆዷን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ሠራተኛው ክው አለ። ያን ሳቅ የሰማ ስለሌለ የስፌት መኪና የተበላሸ የመሰለውም ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ኃላፊው ቢሮው አስጠራት። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በምኔ ነው የሳቁት?»

«ኧረ በአንተ አይደለም ልጄ! መጨረሻ ላይ እኮ ጣሪያው ይወርድበታል።»

«ማን ላይ?»

«ሥራ አስኪያጁ ላይ።»

ኃላፊው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። «የኛ ሥራ አስኪያጅ?»

«የሆቴሉ ነው እንጂ! እሱማ መጀመሪያ... እህ... ጣቱን... እህ...»

ነገሩ ምኑም አልገባውም። ግን እንባዋን በሽርጧ ስትጠርግ እያየ ኮስተር ብሎ መቆየት አልቻለም። ከበሩ ውጪ ጆሯቸውን የቀሰሩት ሰፊዎች የሁለት ሰው ሳቅ ሰሙ።

ከዚያ ወዲህ በሻይ ሰዓት እትዬ ቁልፍ ብቻዋን ተቀምጣ አታውቅም። «እትዬ፣ ትናንት ማታ ሰውዬው ምን ሆነ?» ይሏታል። እሷም ከመጨረሻው ትጀምራለች፣ ሰዎቹን ታቀላቅላለች፣ መሐል ላይ ሳቋ ያሸንፋታል፤ እነሱም እሷን እያዩ በሳቅ ይሞታሉ። ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ ግን ያው ናት። አንድ ቀን ከሁሉ በላይ የሳቀችው ሰፊ ከሁሉ የበዛ ሸሚዝ ተመለሰባት። «ሳቅ ሌላ፣ ስፌት ሌላ» አለቻት እትዬ ቁልፍ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያ የክፍል ኃላፊ ፀጉሩን ሊስተካከል ባሏ ዘንድ ሄደ። መቀሱ ከጆሮው አጠገብ እየተንጫጫ፣ «ባለቤትዎ ከሚያወሩልን ነገር እስካሁን አንዱም አልገባንም» አለው። «ግን አንድ ቀን ከቀሩብን ቀኑ አልመሽ ይለናል።»

ባልየው መቀሱን ያዝ አደረገ። ስንት ዓመት ሙሉ «ጀምረሽ ጨርሺው እንጂ!» እያለ ሲነጫነጭባት የኖረው ነገር ለሌላው ሰው ይህን ያህል ደስታ መሆኑን አላሰበም ነበር።

ማታ እትዬ ቁልፍ ፎጣ ይዛ እግሯን እያደረቀች፣ «ለመሆኑ ጨዋታ አዋቂ ሴት እንዳገባህ ታውቃለህ?» አለችው። «ፋብሪካው ሁሉ እኔን ካልሰማ ሻዩ አይወርድለትም።»

«ሰማሁ» አላት። «ወሬሽ ከተማውን ሞልቶታል።»

ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ኮሜዲውን እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። ሲያልቅ ባልየው አፉን በእጁ ሸፍኖ አዛጋ።

«እኔን ሸለብ አድርጎኝ ነበር» አለ። «ምን ሆነ? እስቲ ንገሪኝ።»

እትዬ ቁልፍ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። ልጅቱ አባቷን አየችው፤ ዓይኑ አንዴም እንዳልተከደነ ታውቃለች። ጠቀስ አደረጋት። እሷም ደብተሯን አጠፈችና ለመስማት ጠጋ አለች።