አንገቱ ላይ ሦስት ቀለበት

የሚስቴ አባት ካወቅኋቸው ሰዎች ሁሉ ግትሩ ነበሩ። ሞተዋልና አይሰሙኝም ብዬ አይደለም ይህን የምጽፈው፤ በሕይወት ሳሉም ፊት ለፊት ብያቸዋለሁ፣ ያኔም አልሰሙኝም።

በደርግ ጊዜ ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ሁለት ሰው እንደ ልቡ የማይተላለፍባት አንዲት ቶርኖ ቤት ነበረቻቸው። የምሠራበት ሱቅ ተወርሶ ሥራ ስፈታ እሳቸው ጋ ገባሁ። የዕለት እንጀራችን የወንበርና የአልጋ እግር ነበር፤ ስማቸውን ያስጠራው ግን የእንጨት እስክሪብቶ ነው። ደረቅ ወይራ ይቆርጡና መሀሉን በስተው ቶርኖው ላይ ያስሩታል። እንጨቱ እየተሽከረከረ ቀጭን መሮ ያስጠጉበታል፣ ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብሎም ከክር የማይወፍሩ ሦስት ቀለበቶች ይወጣሉ። በመጨረሻ የተራ እስክሪብቶ የቀለም ቀሰም ይገባበታል። ሦስተኛዋን ቀለበት ሲያወጡ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። እኔም አብሬ እይዝ ነበር። እንዲህ ያለ እጅ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፣ እሱን አልክድም።

ጣጣው ቀለበቶቹ የሚወጡበት ቦታ ነበር። ሰው ሲጽፍ ጣቱን የሚያሳርፈው ልክ እዚያው ላይ ነው። የወይራ ቀለበት ደግሞ ጠንካራ ነው፤ አንድ ገጽ ሳይሞላ ጣት ይልጣል። ለስጦታ የገዛ ምንም አይልም፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሊጽፍበት የገዛው ግን በሳምንቱ ጣቱን እያሻሸ ይመለሳል። ከአራት ኪሎ አንድ አስተማሪ መጣ፣ ከመሥሪያ ቤት አንድ የሒሳብ ሠራተኛ መጣ። ቀለበቶቹን ሁለት ጣት ያህል ከፍ ያድርጓቸው ብዬ ለመንኳቸው። በእርሳስ ምልክት አድርጌ አሳየኋቸው። እስክሪብቶ እንደ ሙሽራ ነው፣ ጌጡ አንገቱ ላይ ነው አሉኝ። የሰዎቹ ጣት ይቆስላል ብላቸው፣ የዘንድሮ ሰው ጣቱ ሰንፎ ነው አሉ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሦስት ዓመት ሙሉ ወቀጥኩ።

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ የቀበሌ ሰዎች ማንበብና መጻፍ የማይችለውን ሊመዘግቡ ቤት ለቤት ሲዞሩ እኛም ጋ ደረሱ። አባባ ሳቅ አሉና መደርደሪያው ላይ የተደረደረውን እስክሪብቶ አሳዩአቸው። ይህን ሁሉ ማን የሠራው ይመስላችኋል አሏቸው። መዝጋቢዎቹ አፍረው ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። እኔም ሳቅሁ። የእስክሪብቶ ባለሙያን መጻፍ ትችላለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሞኝ ነው አልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት አንዲት የፍርድ ቤት ጸሐፊ መጣች። ቀኑን ሙሉ ስትጽፍ የምትውል ሴት ናት። የመሀል ጣቷ አብጦ ቀልቷል። በትሕትና፣ እስክሪብቶው በጣም ያምራል፣ ግን ልመልሰው አለች። አባባ እጇን አላዩም። አያያዝሽ ነው፣ ልጄ፣ ጠበቅ አድርገሽ ይዘሽው ነው አሏት። ሌሎች ሁለት ደንበኞችም በሩ ላይ ቆመው ነበር። ደሜ ፈላ። እስክሪብቶውን ከእጇ ተቀብዬ ከደረሰኝ ወረቀት ጋር ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«አባባ፣ እስቲ እርስዎ ራስዎ ስምዎን ይጻፉበትና እንይ» አልኳቸው።

አነሱት። አያያዛቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ እንደ መሮ፣ በሙሉ ጭብጣቸው ነበር የያዙት። ወረቀቱን አዩት፣ ደንበኞቹን አዩአቸው። ከዚያ እስክሪብቶውን መልሰው አስቀመጡና፣ መሮ ላስል ብለው ወጡ። የቶርኖው ቺንጋ ባዶውን ይዞራል። ሴትዮዋ ልትመልሰው የመጣችውን እስክሪብቶ ቀስ ብላ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ደህና ዋል ብላኝም ሄደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማታ ለባለቤቴ ስነግራት፣ አታውቅም ነበር እንዴ አለችኝ። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩባት። ሦስት ዓመት አጠገባቸው ቆመህ አንዲት ፊደል ሲጽፉ ሳታይ ምን ብዬ ልንገርህ አለች። እውነቷን ነው። ትእዛዝ ሲመጣ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ የትምህርት ቤት ልጅ አንተ እያለህ ይሉኝ ነበር፣ እኔም እንደ ክብር እቆጥረው ነበር። በራሴ ተናደድኩ፣ በእሷም፣ ከሁሉም በላይ በእሳቸው። ሰው አልችልም ቢል ምን ይሆናል?

ይቅርታ ልጠይቃቸው ብሞክር፣ ምን አደረግኸኝ ብለው አቋረጡኝ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ እንጨት ልገዛ ብለው ይወጡ ጀመር። እንጨት ግን አይመጣም። ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ ባለ ሌላ ቀበሌ፣ ማንም በማያውቃቸው ክፍል፣ ከእናቶች ጋር ፊደል እንደሚቆጥሩ የነገረችኝ ባለቤቴ ናት።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ጠዋት ብደርስ፣ ቶርኖው ላይ ያለው እስክሪብቶ አንገቱ ለስላሳ ነው። ሦስቱ ቀለበቶች ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብለዋል፣ እኔ በእርሳስ ምልክት አድርጌበት የነበረው ቦታ ላይ። ምነው ከፍ አደረጓቸው አልኳቸው።

«እዚህ ሲሆን ይቆረቁራል» አሉኝ፣ ያላወቅሁትን ነገር እንደሚያስረዱኝ ሁሉ።

ልፈነዳ ደረስኩ፤ ግን ዋጥ አደረግሁት።

ስማቸውን መጻፍ መቻላቸውን መንደሩ ሁሉ አየ። በቀበሌው ሱቅ ፈረሙ፣ ለዕድር ፈረሙ፣ ለልጃቸውም ወረቀት ላይ ጽፈው አሳዩአት፤ ፊደላቸው እንደ ቀለበቶቻቸው ቀጥ ያለ ነው አለችኝ። ያላየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ስገባ ወረቀቱ ይታጠፋል።

በዓመቱ የቶርኖ ቤቷን የኪራይ ውል ልናድስ ሁለታችንም ቀበሌ ሄድን። ውሉ ላይ ስማችንን ጽፈን እንድንፈርም ተባልን። ቀለበቱ ከፍ ያለውን እስክሪብቶ ከኪሴ አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። በልቤ፣ አሁን ይጽፋሉ፣ አሁን ይቅር ይሉኛል እያልኩ ነበር። ተቀብለው ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አሉ። ጣቶቻቸው በትክክል ያዙት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና እስክሪብቶውን መለሱልኝ፣ ጸሐፊውንም የጣት ቀለም ጠየቁት። ጸሐፊው ግራ ገብቶት፣ አባባ፣ ባለፈው እኮ በእጅዎ ነው የፈረሙት አላቸው።

አውራ ጣታቸውን ነክረው ወረቀቱ ላይ ተጫኑ።

«እሱ ይጻፍ» አሉት ጣታቸውን በቱታቸው እየጠረጉ፤ «የተማረው እሱ ነው።»