ጨለማው ሰውዬ የተባልንበት ዘመን

ባለፈው ሳምንት ሰንበቴ ገበያ ወርጄ ማሽላ ስሸምት፣ ሻጩ ገና ከአውድማ የገባ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ወላሂ አለልኝ። እኔ በመሐላ የምሸምት ሰው አይደለሁም። ወተት ሲመጣልኝ ውሃ እንዳልገባበት ጥፍሬ ላይ ጠብ አድርጌ የማይ፣ በርበሬ ስገዛ የሸክላ ዱቄት እንዳልተቀላቀለበት በብርጭቆ ውሃ በጥብጬ የማስቀምጥ፣ ተማሪ አሞኝ ነው የቀረሁት ሲለኝ የቱ ጋ እንዳመመው ዛሬ ጠይቄ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሜ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ስለዚህ አንድ እፍኝ ዘግኜ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው እርጥብ አፈር፣ የኮመጠጠ ሊጥና የከረመ ጭድ አንድ ላይ የሆነ ሽታ ተቀበለኝ፤ የጉድጓድ ማሽላ ነበር። ሻጩ መያዙን ሲያውቅ ሳቀና «እትዬ፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ ያደግሽው?» አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው እንጂ ብዙም አልተሳሳተም።

በእኛ በኩል እህል በጉድጓድ ይከርማል። አፉ ሰው በጭንቅ የሚያስገባ፣ ሆዱ እንደ እንስራ የሰፋ ጉድጓድ ተቆፍሮ በጭድ ይለበድና ማሽላው ይፈስበታል፤ እህሉ ወጥቶ ሲያልቅ ባዶው ጉድጓድ ሽታውን ይዞ ይቀራል። እኔና የልጅነት ጓደኛዬ ዘሀራ ሰባቱን ዘፈኖቻችንን የቀዳነው እንዲህ ባለ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እሷ ውስጥ ገብታ ግጥሙን ታወርዳለች፣ እኔ አፉ ላይ የአባቴን ኮምፒውተር ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ማይክ ያለውን የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ወደ ታች ለቅቄ እቀዳለሁ። የጉድጓድ ድምፅ ምን እንደሚመስል ያልሰማ ሰው አያውቀውም፤ አንዲት ቃል ስትናገር ሦስት ሰው የሚመልስልህ ይመስልሃል፣ ሦስተኛው ደግሞ የሚያስፈራ ነው።

አባቴ ለዞኑ መሥሪያ ቤት ተመድቦ ከደሴ ወደ ከሚሴ ሲመጣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የተቀመጥኩት ዘሀራ አጠገብ ነው፣ ከዚያ በኋላ የለየን አልነበረም። ቤታቸው ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ጨፋ ሜዳ በሚወርደው በኩል ነው። አባቷን አገሩ ሁሉ የሚጠራቸው በመጀመሪያ ልጃቸው ስም አባ ራህመት ብሎ ነበር። ራህመት የዘሀራ ታላቅ እህት ናት፤ እኛ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን በአፋር በረሃ በኩል ወጥታ ከባህሩ ዳር «ነገ እንሻገራለን» ብላ ደወለች፣ ያ ነገ እስከ ዛሬ አልመጣም። ሁለት ዓመት ወሬ ሲጠፋ አንዳንድ ሰው አዝኖላቸው ይሁን ፈርቶ አባ ዘሀራ ይላቸው ጀመር። በዚህ ስም የጠራቸውን ሰው ሰላምታ እንኳ አይመልሱለትም ነበር።

ሙዚቃው የመጣው አንዱ የክፍላችን ልጅ በፍላሽ ካመጣው ቪዲዮ ነው። ጥቁር የለበሱ፣ ከንፈራቸውን ጥቁር የቀቡ ፈረንጆች መቃብር መካከል ቆመው፣ በቀርፋፋና በከባድ ከበሮ ላይ ስለ ሞት ራፕ ያደርጋሉ። ሌላው ሁሉ ሳቀባቸው፤ ዘሀራ ግን አልሳቀችም። በማግስቱ የእናቷን ኩል ሰርቀን ከንፈራችንን ተቀባን፣ ለሁለት ቀን አልለቀቀንም፣ ሙልበሪ የሚባለውን ጥቁር ፍሬ በላን ብለን ዋሸን፤ ከሚሴ ውስጥ ሙልበሪ የት እንዳለ እስከ ዛሬ የጠየቀን የለም። ጥቁር ልብሱን በተመለከተ ግን ዘሀራ ከጉልበቷ በታች የሚወርድ ጥቁር ጅልባብ ስለነበራት ከተማው ምንም አዲስ ነገር አላየባትም።

አባ ራህመት ጉድጓዳቸው ጠጋ ስንል ለፈተና ነው የምናጠናው፣ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው አልናቸው። ማመናቸውን እጠራጠራለሁ። ዘሀራ ከመግባቷ በፊት ግን ኩራዝ አብርተው በገመድ ያወርዱ ነበር፤ የከረመ ጉድጓድ አየሩ ሰው ይገድላል፣ መብራቱ ከጠፋ አይገባም። መብራቱ ሳይጠፋ ሲቀር «ግቢ፣ አብሽሪ» ይሏትና ሄደው ደጃቸው ካለው ዋርካ ሥር ይቀመጣሉ።

እኛ ለራሳችን ያወጣነው ስም ድንግዝግዝ ነበር። ማን እንደሆንን እንዳይታወቅ የዘሀራን ድምፅ በኮምፒውተር አወፍረዋለሁ፣ የጎልማሳ ወንድ ይሆናል። ማሠራጫችን ኑርዬ ነበር፤ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ላይ ዘፈን የሚጭን፣ የሰው ሚሞሪ ካርድ በእጁ ከገባ ውስጡ ያለውን ሁሉ ለራሱ ሳይቀዳ የማይመልስ ሰው ነው። መንዙማ ጫንልኝ ብዬ ካርዴን ሰጠሁት፣ የኛን ዘፈን «ረስቼ» ትቼበታለሁ። በሳምንቱ ባጃጆቹ ሁሉ ይዘውት ዞሩ። ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ ሾፌሮቹ ጨለማው ሰውዬ አሉት፣ በዚያው ጸና። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ዘሀራ ከጉድጓዱ ውስጥ እንደ ጅብ ጮኻ ነበር፤ በገበያ ቀን አንዱ ባጃጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያልፍ የጨፋ ሮቢት አህዮች ከነጭነታቸው ደንብረው ግማሽ ቀን ተፈለጉ።

ከዚያ ከተማው መጠራጠር ጀመረ። አንዱ የሰይጣን አምልኮ ነው አለ፣ ሌላው ጅቡ ባለሥልጣን ነው፣ ነገሩ ፖለቲካ ነው ብሎ ስንኙን መስመር በመስመር ተረጎመው። አባቴ እራት ላይ «ይሄ ሰውዬ የደሴ ሰው ነው፣ አነጋገሩ ያስታውቃል» ሲል ውሃ ላምጣ ብዬ ተነሣሁ። አንድ ፀጉር አስተካካይ ጨለማው ሰውዬ እኔ ነኝ ብሎ ጥቁር መነጽር አድርጎ ከተማውን ሲዞር ከረመ፤ ሁለት የክፍላችን ሴት ልጆች ወደዱት። እኔና ዘሀራ ከሳቅ ብዛት መተያየት አቅቶን በተለያየ መንገድ ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሲጠረጥር የማንጠራጠር ሁለት ሰዎች እኛ ብቻ ነበርን፤ ደስታው ይሄ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ሰባተኛውን ዘፈን ዘሀራ ብቻዋን ጻፈችው። እንዲህ ይጀምር ነበር፦

ራህመት እንድሪስ፣ የከሚሴ ልጅ፣
ባህር በላሽ ወይስ የሰው እጅ?

እህቷ ሞታለች፣ መቃብር የላትም፣ የሙታን ስግደት ስገዱባት፣ መጠበቅ ይብቃን ይላል። ጉድጓዱ ውስጥ ሆና አልቅሳ ነው የቀዳችው፤ እኔም ድምፁን ማወፈር አልቻልኩም፣ እንዳለ ተውኩት። ከዚያ ተጨቃጨቅን። እኔ ከሠራነው ሁሉ ይሄ ይበልጣል፣ ደብቆ ማስቀረት ግፍ ነው አልኩ። እሷ ደግሞ አንድ ቀን በራሴ ድምፅ መታወቅ እፈልጋለሁ፣ ይሄ ግን እናቴ ጆሮ እንዳይገባ አለች። በመጨረሻ እሷ ወላሂ፣ እኔ በማርያም ብለን ላናወጣው ተማማልን። አንዱ ቅጂ እኔ ፍላሽ ላይ፣ ሌላው እሷ ስልክ ውስጥ ባለው ካርድ ላይ ነበር፣ ሦስተኛ የለም።

ወር ሳይሞላ ከትምህርት ቤት ስወጣ የዘሀራን የራሷን ድምፅ ከባጃጅ ውስጥ ሰማሁት። በማግስቱ ጠዋት ከእኛ ሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከእነሱ ሰፈር ሴቶች ንፍሮ ይዘው ወደ አባ ራህመት ቤት ተመሙ፤ ዘፈኑን የሰማ ሁሉ መርዶ መጥቷል ብሎ ደምድሟል። እናቷ እትዬ ፋጡማ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እህል ይለቅሙ ነበር። የሚመጣውን ሰው ሲያዩ ጎረቤት የሞተ መስሏቸው ሰፌዱን አስቀምጠው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው ሊከተሏቸው ተነሱ። «ማን ነው የሞተው?» አሉ። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሮ አያቸው፤ ከአስተያየታቸው ገባቸውና እዚያው ወደቁ። አባ ራህመት ከዋርካው ሥር ስልካቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ እሱን እያዩ ዋሉ። ኀዘን ነው ብለን ተውናቸው።

ዘሀራ እኔን ጠረጠረች። ደብቆ ማስቀረት ግፍ ነው ያልኩት እኔ አይደለሁ? እኔም እሷን ጠረጠርኩ፤ በራሴ ድምፅ ልታወቅ ያለችው እሷ አይደለችም? ፊት ለፊት የተነጋገርነው አንድ ጊዜ ነው፤ «ማርያምሽ ይሄ ነው?» አለችኝ፣ እኔም «ወላሂሽስ?» አልኳት። ከዚያ በኋላ አፌን መያዝ ሲገባኝ ለሁለት ለሦስት የክፍል ልጆች ዘሀራ ራሷ ናት ያወጣችው፣ ዝና ፈልጋ ነው አልኩ። ወሬ በከሚሴ ከባጃጅ ይፈጥናል፣ እንደደረሳትም አውቃለሁ። ጨለማው ሰውዬ በዚያው ሞተ።

አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። ዘሀራ አግብታ ከሚሴ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ከፈተች፣ እኔ የተማርንበት ትምህርት ቤት መምህር ሆንኩ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ልጆች ደህና ናቸው ወይ፣ አልሀምዱሊላህ፣ በዚያው እንለያያለን። አምና አባ ራህመት ታመሙ ሲባል ግን የቤታቸውን ስንት ቀን የበላሁ ነኝና ልጠይቃቸው ሄድኩ፤ ብቻቸውን አገኘኋቸው።

«ኢንተለ ኮ፣» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ያኔ ያንን ነገር ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። እሳቸው ግን ቀስ እያሉ ቀጠሉ። «ዘሀራ ስልኳን ቻርጅ ሰክታ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ሰዓት ልይ ብዬ ስነካው ራህመትን ስትጠራት ሰማሁ፤ ያ ረቢ፣ ከነአባቷ ስም! ሚሞሪውን አውጥቼ ኑርዬ ጋ ወሰድኩ። ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱት ልጆች ሁሉ ስልክ ላይ ጫንልኝ አልኩት። በረሃም ላይ ይሁን ጅዳ፣ አንድ የሚያውቃት ሰው ሰምቶ ይደውላል ብዬ። ባጃጅ ላይ ይዞራል፣ ለቅሶ ይመጣብኛል ብዬ በምን ልወቅ? ሚሞሪውን መልሼ ስልኳ ላይ ሰካሁት። ፋጡማ ስትወድቅ ካየሁ ወዲያ ደግሞ እኔ ነኝ የሚል አፍ ከየት ይምጣ?»

ማንም ደውሎ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ገና ነው፣» አሉኝ። ለዘሀራ ልንገራት ስላቸው እጄን ያዙኝ፤ እኔ እያለሁ አይሆንም፣ ለእናቷ ትነግራለች አሉ። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ግን ያው እኔ ነኝና፣ ሽማግሌው ሳይሞቱ ሊያስታርቁን የልጃቸውን ጥፋት በራሳቸው ላይ ወስደው ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። ኑርዬን ልጠይቅ መናኸሪያው ድረስ ሄድኩ። ሱቁን ዘግቶ አገር ከለቀቀ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም።

አባ ራህመት በበጋው ሞቱ። ለቅሶው ሲያልፍ ዘሀራ ሱቅ ሄጄ፣ ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቄ፣ ያሉኝን ሁሉ ነገርኳት። ጨርቅ እያጠፈች ነበር፤ እጇ ቆመ። «አባቴ ስልኩን እኮ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ከእጁ አያወጣም ነበር፣» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ያላየሁት ፊት ነበር፣ የድሮዋ ዘሀራ ነበረች፣ በጠረጴዛው ላይ እጇን ወደ እኔ ሰደደች።

«አንቺስ ትጌ፣» አለችኝ፣ «ያኔ እኔን ጠርጥረሽኝ ነበር?»

«በጭራሽ፣» አልኳት። «አንድ ቀን እንኳ።»

ያኔ ስለ እሷ ያወራሁት እንደደረሳት እያወቅሁ ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ንጹሕ ሆኜ መታየት ፈልጌ ነው መሰለኝ። ፊቷ ሲዘጋ አየሁት። እጇን መልሳ ጨርቁን ማጠፍ ቀጠለች፣ ጫፍ ከጫፍ አገናኝታ፣ በመዳፏ እያስተካከለች። «ሙት ላይ መጫን ቀላል ነው፣» አለች፣ ቁጣ እንኳ በሌለበት ድምፅ። «ደህና ዋይ፣ መምህር።»

ሰባቱ ዘፈኖች ዛሬ የትም የሉም። ፍላሹ ተበላሽቷል፣ ካርዱ ጠፍቷል፣ ጉድጓዱ ተደፍኖ ቤት ተሠርቶበታል፣ የዛሬ ተማሪዎቼ ጨለማው ሰውዬ ብላቸው የተረት ሰው ይመስላቸዋል። ለዚያ ብዙም አላዝንም፤ ዘፈን ያረጃል። የሚያንገበግበኝ ከቤቴ እስከ ዘሀራ ሱቅ በእግር አሥር ደቂቃ መሆኑ ነው። አዎ፣ ጠርጥሬሽ ነበር ብላት ኖሮ ሌላውንም ሁሉ ታምነኝ ነበር።