በንጋት የመጣ ኬክ

ይሄን ስሙኝማ። ሰው ቤት በንጋት፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ተሰብስቦ አይኬድም። ይሄን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። እኔ ትምህርቱን አስረኛ ላይ ነው የተውኩት፣ ግን አውቃለሁ። በዛ ሰዓት እንደዛ ሆኖ የሚመጣ ሰው መርዶ ነው የሚያመጣው።

ወንድሜ ወታደር ነው። ጦርነቱ አለቀ ከተባለ በኋላም ድምጹ የለም። ሞቷል ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። እማዬ ስልኳን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ነው የምትተኛው። ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳን "ያዝልኝ፣ ከጠራ ጩህልኝ" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ቀኑን ሙሉ ሀይሌ ጋርመንት የታክሲ ረዳት ሆኜ ስጮህ እውላለሁ፣ ስገባ መጀመሪያ የማየው ፊቷን ነው። ያው ነው። ተመልሼ መውጣት ያምረኛል።

ሀና ማርያም የተከራየነው ከወታደር ካምፕ ወጥተን ነው። ግቢው ውስጥ ስማችን "ወታደሮቹ" ነው። እኔ ከታክሲ በር ሌላ ምንም ይዤ አላውቅም፣ ግን ማን ይሰማሃል። ከሁሉም ግድግዳ የምትጋራን ሴትዮ ትብስ ነበር። አገር ቤት የነበረ ወንድሟ በጦርነቱ ሞቶባታል፣ ወታደር ነው የገደለው ትላለች። የኔ ወንድም በዛ በኩል ይለፍ አይለፍ አታውቅም፣ እኛም አናውቅም። እማዬ የሱን የወታደር ጃኬት አጥባ የጋራው ገመድ ላይ ስታሰጣ፣ ሴትዮዋ ወጥታ የራሷን ልብስ ከነእርጥቡ ሰብስባ ትገባለች። እማዬ "እንደምን አደርሽ" ትላለች፣ በሩ ይመልስላታል።

አንድ ቀን ታዲያ፣ ጫማዬን እያሰርኩ፣ በር ተንኳኳ። ገና አልነጋም። ስከፍት ጋቢ የለበሱ የሰፈር ሽማግሌዎች ቆመዋል። ከኋላቸው የመንግስት መስሪያ ቤት ባጅ ያንጠለጠለ ሰውዬ በስልኩ ይቀርጻል። እማዬ ስልኩን አላየችም። ያየችው ጋቢውን ነው።

"ልጄን" አለች። ደፉ ላይ ተቀምጣ መሬቱን በመዳፏ ትመታ ጀመር።

"ኧረ እሱ አይደለም፣ ኧረ ስሚን" ይላል አንዱ ሽማግሌ። ማን ይስማው።

የጎረቤታችን በር ተከፈተ። ሴትዮዋ ለቅሶ እንደሚሄድ ሰው ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጫማ እንኳን ሳታደርግ መጣችና እማዬ ላይ ወደቀች። "ወንድሜን፣ ወንድሜን" ትላለች። እማዬ ልጄን፣ እሷ ወንድሜን። ግቢው በሙሉ ወጣ፣ አለቀሰ።

ያኔ ባለባጁ መሀል ገባ። "እናታችን፣ ይረጋጉ፣ ሰርፕራይዝ ነው" አለ። የያዘውን ካርቶን ከፈተው። ኬክ ነው። ላዩ ላይ የወንድሜ ስም በክሬም ተጽፏል። የወታደር ቤተሰብና ነዋሪውን ማስተሳሰር ነው አሉ ፕሮግራሙ። ሽማግሌዎቹንም ለምርቃት ትፈለጋላችሁ ብለው ነው ከአልጋ ያወረዷቸው።

ሴትዮዋ ቀና አለች። "አንተ፣ እናት የለህም?"

"እናቴ፣ ዓላማው ጥሩ ነበር..."

"ልጇ አልሞተም ማለት ነው?"

"እሱ እኛን አይመለከትም። የሌላ ክፍል ስራ ነው።"

"አንተ የኬኩ ክፍል ነህ" አልኩት። "ሻማውስ የማን ክፍል ነው?"

"ስርዓት ያዝ አንተ ልጅ። ወንድምህ ለአገሩ ብሎ..."

"የት ነው?" አልኩት።

ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ኬኩን ማንም አልነካውም። ሴትዮዋ እማዬን ደግፋ ወደ ራሷ ቤት ይዛት ገባች። ያን ቀን ስራ አልሄድኩም፣ ግድግዳው ስር ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። አለቀሱ፣ ከዛ ሴትዮዋ ስለ ወንድሟ ታወራላት ጀመር። በግ ሲጠፋበት እንኳን ይስቅ ነበር አለቻት።

"የኔም እንደዛው ነው" አለች እማዬ። "ሲቆጡት ይስቃል።"

ከዛ ወዲህ ዝናብ ካካፋ ጃኬቱን ከገመዱ ላይ የምታነሳው ሴትዮዋ ናት። አጣጥፋ ታመጣዋለች። ስለ ጦርነቱ አያወሩም። አንዴ ብቻ፣ ጃኬቱን እያቀበለቻት፣ "የኔ መቃብር አለው፣ እየሄድኩ አለቅስበታለሁ። አንቺ የት ሄደሽ ነው የምታለቅሺው?" አለቻት። እማዬ ስልኳን አየች። የእድሩ ሰዎችም ግራ ገብቷቸዋል። ድንኳን እንዳይተክሉ ሞቱን የነገራቸው የለም፣ እንዳይተዉት ያን ጠዋት አልቅሰውለታል።

እናንተ ባለባጁን የላካችሁት፣ እናንተን ነው። በዛ ኮረኮንች ቁጥር የሌለው ቤታችንን በጨለማ ፈልጋችሁ ካገኛችሁ፣ ስሙን ፊደል ሳትስቱ ኬክ ላይ ካስጻፋችሁ፣ ወንድሜ አለ ወይስ የለም የምትለዋን አንዲት ቃል ለእናቴ መንገር ያቃታችሁ ለምንድን ነው?